ሶምሶማ በሐዋሳ፦ ተራው ሯጭ ደጋግሞ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

ለሜዳልያ ሳይሆን ለራሳቸው ሲሉ የጫማ ክር ለሚያስሩ የሐዋሳ ሰዎች፤ ከቀላሉ ጥያቄ ተነስተን ወደ አስቸጋሪው እንሄዳለን።

እውነት ሩጫ ደስ ይላል? እኔ የማስታውሰው የትምህርት ቤቱን የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው።

ደስ ይላል። ከመጀመሪያው ቀን ግን አይደለም፤ እንደዚያ ተሮጦም አይደለም። መምህሩ ፊሽካ ሲነፋ ክፍሉ በሙሉ ፈትለክ ይላል፣ ሁለት መቶ ሜትር ሳይሞላ ግማሹ ጎኑን ይዞ ይቆማል። ያን ቀን "እኔ ለሩጫ አልተፈጠርኩም" ያለ ልጅ ይህንኑ እንዳለ አርባ ዓመት ይሞላዋል። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነበር፦ ፈጠነ።

አገራችን ሩጫን የምታውቀው በሜዳልያ ነው። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 10 ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ሲጨርስ፣ አንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ2 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ ገደማ ሮጧል። ልምምድ የሌለው ሰው በዚያ ፍጥነት አንድ ዙር መም እንኳ አይዘልቅም። ለእኛ የሚሆነውን አማርኛ ራሱ ለይቶ አስቀምጦልናል፦ ሶምሶማ። ከዚህ በታች "ሩጫ" ስንል እሱን ማለታችን ነው።

ሶምሶማ ምን ያህል ዝግ ማለት ነው?

መለኪያው አፍዎ ነው። እየሮጡ "ዛሬ ከሥራ ስወጣ ቆሮሶ ዓሣ ገዝቼ ወደ ቤት እገባለሁ" የሚለውን መሐል ላይ ትንፋሽ ሳይወስዱ መናገር ከቻሉ ልክ ነዎት። "ዛሬ… ከሥራ… ስወጣ" እያለ ከተቆራረጠ ፈጥነዋል፣ ይቀንሱ። ለአብዛኛው ጀማሪ ይህ አንድ ኪሎ ሜትር ከ8 እስከ 9 ደቂቃ ማለት ነው። ከእርምጃ የሚለየው ፍጥነቱ አይደለም፤ በሶምሶማ ሁለቱም እግሮች ለቅጽበት ከመሬት ይነሳሉ። ስለዚህ ማልደው ወደ ገብርኤል የሚገሰግሱ እናት ቢቀድሙዎትም ሯጩ እርስዎ ነዎት።

ብዙ ሰው ፍጥነቱን ለመቀነስ ሲሞክር ወደ ላይ መዝለል ይጀምራል፣ ይህ ጉልበት ይጨርሳል። የሚያጥረው የእርምጃው ርዝመት እንጂ የእግር ምት አይደለም፦ አጭር አጭር፣ ቶሎ ቶሎ፣ እግሩ ከጉልበቱ ፊት ርቆ ሳይሆን ከሰውነት ሥር እንዲያርፍ። ትከሻ ወደ ጆሮ ከወጣ ያውርዱት። እንጦጦና ሱሉልታ ጫካ ውስጥ የሚለማመዱት አትሌቶች እንኳ በቀላሉ ቀናቸው ተሰልፈው፣ በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ፣ በጣም ዝግ ብለው ነው የሚሮጡት። እነሱ የማያፍሩበትን እኛ የምናፍርበት ምክንያት የለም።

ከዜሮ ስጀምር ሳምንቱን እንዴት ላድርገው?

በሳምንት 3 ቀን ይበቃል፤ በመካከሉ የዕረፍት ቀን ይኑር፣ ለምሳሌ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ። ሁልጊዜ በ5 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይጀምሩ፣ በ5 ደቂቃ ዝግ ያለ እርምጃ ይጨርሱ። መካከሉ በአንደኛውና በሁለተኛው ሳምንት 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ ሲሆን 8 ጊዜ ይደጋገማል። በሦስተኛውና በአራተኛው 2 ደቂቃ በ2 ደቂቃ፣ 6 ጊዜ። በአምስተኛውና በስድስተኛው 4 ደቂቃ ሮጠው 1 ደቂቃ ይራመዳሉ፣ 5 ጊዜ። በሰባተኛውና በስምንተኛው 8 ደቂቃ በ1 ደቂቃ፣ 3 ጊዜ። ዘጠነኛው ሳምንት ላይ 25 ደቂቃ ሳይቆሙ መሮጥ ይቻላል። አንዱ ሳምንት ከከበደ ይደገማል፤ ዕቅዱ ለእርስዎ ነው እንጂ እርስዎ ለዕቅዱ አይደሉም።

የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሳምንት ላይ ነው። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ፣ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ትንፋሹ የተከፈተለት ሰው "ለካ እችላለሁ" ብሎ 20 ደቂቃውን 50 ያደርገዋል፣ በሳምንቱ ቅልጥሙን ይዞ ይቀመጣል። ጥሩ የተሰማዎት ቀን ትንሽ አስቀርተው ወደ ቤት ይግቡ።

ሐዋሳ ውስጥ የት ልሩጥ?

እንደ ሐዋሳ ለጀማሪ የተመቸ ከተማ ጥቂት ነው፤ መሬቱ በአብዛኛው ሜዳ ነው። የብዙዎች ምርጫ የሐይቁ ዳር ነው፣ በፍቅር ሐይቅና በአሞራ ገደል አካባቢ። ማለዳ ላይ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፣ ጀልባዎቹ ዓሣ ይዘው ይመለሳሉ፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ተሰብስበው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። ቁመታቸው ቢያስደነግጥም መንገድ ይለቃሉ። ጦጣዎቹ ግን አይለቁም፤ ሙዝ በእጅዎ ይዘው በአጠገባቸው አይሩጡ። ሲጨልም ደግሞ ከውኃው ዳር ይራቁ፣ ጉማሬ ሣር ለመጋጥ የሚወጣው በዚያን ሰዓት ነው።

ኮብልስቶን ለእርምጃ እንጂ ለሩጫ አይመረጥም፣ በተለይ ዝናብ ካባራ በኋላ፤ ያዳልጣል፣ ቁርጭምጭሚት ያዞራል። አስፋልት ላይ ከሮጡ መኪናው ፊት ለፊት እንዲመጣ ግራውን ይዘው ይሩጡ። ባጃጅ ግን ከየትም አቅጣጫ ይመጣልና የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ያውጡ። የአስፋልት ጠርዝ ወደ ጎን ያዘነበለ ስለሆነ ሁልጊዜ በአንድ ጠርዝ መሮጥ አንዱን ዳሌና ጉልበት ያሳምማል፤ በአንድ በኩል ብቻ የሚያመው ሰው መጀመሪያ ይህን ይመርምር። የታቦርን ተራራ ለመሮጥ አይቸኩሉ። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ዳገቱን በእርምጃ ይውጡ፣ ቁልቁለቱንም በእርምጃ ይውረዱ። ጉልበት የሚጎዳው በመውጣት ሳይሆን በመውረድ ነው።

ጠዋት ይሻላል ማታ?

ሐዋሳ ላይ ጠዋት ይሻላል፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል ባለው። ከ3 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ይበረታል፤ በየካቲትና በመጋቢት ቀትር ላይ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ማታ የሚመቸው ሰው ከ11 ሰዓት በኋላ ይውጣ፣ ሳይጨልም ይመለስ። ሲመሽ ትንኝም አለች።

ከአንድ ሰዓት በታች ለሆነ ሩጫ ውኃ መሸከም አያስፈልግም። ከመውጣትዎ በፊት አንድ ብርጭቆ፣ ሲመለሱ ሁለት ሦስት ብርጭቆ ይበቃል።

የሰልባጅ ጫማ ይሆናል?

ይሆናል፣ መምረጥ ከታወቀበት። ሻጩ ከላይ አጥቦና አሳምሮ ያቀርበዋል፣ የሚሞተው ግን ከታች ያለው ስፖንጅ ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ጫማዎች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ይዩዋቸው፤ ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ከተንጋደደ የቀድሞው ባለቤት አረጋገጥ በእርስዎ ጉልበት ላይ ይቀጥላልና ይተዉት። ቀጥሎ የስፖንጁን ጎን በአውራ ጣት ይጫኑ። ገባ ብሎ መመለስ አለበት፤ እንደ እንጨት ከደረቀ ወይም ጎኑ እንደ አሮጌ ቆዳ ከተጨማደደ አልቋል። ከዚያ አፍንጫውን ይዘው ያጥፉት፣ መታጠፍ ያለበት ጣቶች ባሉበት ነው። መሐሉ ላይ የሚታጠፍ ጫማ ለመንገድ አይሆንም። በመጨረሻ ሶሉ የተጣበቀበትን መስመር በጥፍር ይሞክሩ። ብዙ ዓመት የተቀመጠ ጫማ አዲስ መስሎ በሁለተኛው ሳምንት አፉን ይከፍታል፣ ማስቲሽም ብዙ አያቆየውም።

ቁጥሩን ከሰዓት በኋላ ይለኩ፣ እግር በዋለ ቁጥር ያብጣልና። ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ይቅር፤ አለዚያ ጥፍር ይጠቁራል። ጥሩ የመሮጫ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል፤ በሳምንት 15 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው ይህ ከሰባት ወር እስከ አንድ ዓመት ነው። ካልሲው ጥጥ ብቻ ከሆነ ላብ ይዞ እግር ይልጣል፤ ቀጭን የናይለን ቅልቅል ይሻላል።

አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለ? ጫማ ለምን አስፈለገ?

እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ አሸነፈ። ሁለተኛውን የሚያስታውስ ሰው ትንሽ ነው። ሣር ላይ ለ5 ደቂቃ በባዶ እግር መሮጥ እግርን ያጠነክራል። መንገድ ላይ ግን ስባሪ ጠርሙስና ሚስማር አለ።

ምን በልቼ ልውጣ? በጾም ወቅትስ?

ለ30 ደቂቃ የማለዳ ሶምሶማ ምንም ሳይበሉ መውጣት ጤነኛ ሰውን አይጎዳም። ባዶ ሆድ የሚያዞረው ሰው ከአንድ ሰዓት በፊት አንድ ሙዝ ወይም በሶ ይውሰድ፦ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ በአንድ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ፣ ትንሽ ማር ወይም ስኳር፣ ቁንጥር ጨው። ቡርሳሜ፣ በቅቤ የሚሠራው የሲዳማ የእንሰት ምግብ፣ ከሩጫ በኋላ እንጂ በፊት አይበላም፤ ቅቤው ከሆድ ቶሎ አይወርድም፣ መንገድ ላይ ያስታውስዎታል።

በዐቢይ ጾም እስከ ቀትር ወይም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ሩጫውን ወደ መግደፊያው ያስጠጋ። በረመዳን ደግሞ ከማፍጠሪያው በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት ይመቻል፣ ውኃው ቅርብ ስለሆነ። በሁለቱም ዝግ ይበሉ፣ ርቀት አይጨምሩ። የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በባዶ ሆድ ከመሮጡ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፣ ይህ አማራጭ የለውም።

ሲዳማ ምድር ቡናን መከልከል አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ነገር ግን ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ። ሯጭ፣ በተለይ የወር አበባ የምታይ ሴት፣ ብረት ያስፈልጋታልና ምስሩንና ጤፉን በልታ ቡናውን በአንድ ሰዓት ታዘግየው። ሎሚ ወይም ቲማቲም ከምግቡ ጋር ቢኖር ብረቱ የበለጠ ይገባል።

ሰው እያየኝ አፍራለሁ፤ ልጆች ይጮኹብኛል። ምን ላድርግ?

"ኃይሌ!" ይሉዎታል፣ ሴት ከሆኑ "ደራርቱ!"። ሆድ ላለው ሰው ደግሞ "አይዞህ፣ ደረስክ!" የሚል አይጠፋም። መድኃኒቱ እጅ ማንሳት ነው፦ ሰላምታ የተመለሰለት ልጅ ሁለተኛ ጊዜ አብሮዎት ሃምሳ ሜትር ይሮጣል፣ ሦስተኛ ጊዜ ይለምድዎታል። በአንድ መንገድና በአንድ ሰዓት መሮጥ ለዚህ ይጠቅማል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሰፈሩ ዕቃ ሆነው ይቀራሉ።

ለሴቶች ጉዳዩ ከማፈር ያለፈ ነው። ከተቻለ ሁለት ሆኖ መውጣት፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓትና መንገድ መሮጥ፣ መንገዱን ለአንድ የቤተሰብ ሰው ተናግሮ መሄድ ይመከራል። ልብሱ የግድ ሱሪ መሆን የለበትም፤ እግር የማያስር ቀለል ያለ ቀሚስ ከሥሩ ታይት ተደርጎበት በደንብ ይሮጣል። ገንዘብ ካለ ከጫማው ቀጥሎ የሚወጣው ለስፖርት የጡት መያዣ ነው። ሲሞክሩት ሱቁ ውስጥ አሥር ጊዜ ይዝለሉ፤ ካመመ ወይም ከተንሸራተተ ሌላ ቁጥር ይጠይቁ።

ጎኔን ይወጋኛል፣ ቅልጥሜን ያመኛል። ልቁም ወይስ ልቀጥል?

የጎን ውጋት አያሳስብም። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በመፍጠን ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ምግብ በልቶ በመውጣት ነው። ወደ እርምጃ ይመለሱ፣ የሚወጋውን ቦታ በጣት ይጫኑ፣ አየሩን በአፍ በረጅሙ ያስወጡ፤ በሁለት ሦስት ደቂቃ ይለቃል።

ቅልጥም ግን ሁለት ዓይነት ነው። በውስጠኛው ጠርዝ በኩል በረጅሙ የተዘረጋ፣ ሲሞቅ የሚቀንስ ሕመም ብዙ በመጨመር የመጣ ነው፤ ለሁለት ሳምንት ሩጫውን በግማሽ ይቀንሱ። በአንድ ጣት የሚጠቆም አንድ ነጥብ ላይ የሚያም፣ ሌሊትም የማይተኛ ከሆነ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላልና ይቁሙ፣ ሐኪም ይየው። ለሌላው ሁሉ ደንቡ ይህ ነው፦ ከ10 ነጥብ ከ3 የማይበልጥ ሕመም፣ አረማመድ የማይቀይር፣ በማግስቱ የሚጠፋ ከሆነ ይሮጥበታል። የሚያነክስ ሕመም አይሮጥበትም። ደረት ላይ የሚጫን ወይም ወደ ክንድና መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ከዚህ ደንብ ውጭ ናቸው፤ በዚያው ቀን ሕክምና።

ያ የሚያወሩለት ደስታ ከየት ነው የሚመጣው? እኔ ዘንድ ለምን አልመጣም?

ለረጅም ጊዜ መልሱ "ኢንዶርፊን" ነበር። ችግሩ በደም ውስጥ ያለው ኢንዶርፊን ወደ አንጎል በቀላሉ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት የኢንዶርፊንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ለሯጮች ሰጥቶ 45 ደቂቃ አስሮጣቸው፤ ደስታው ግን መጣ። በደማቸው የጨመረው ኢንዶካናቢኖይድ የሚባለው፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ንጥረ ነገር ነበር። ይህ ደግሞ በጣም ዝግ ባለ እርምጃም ሆነ ነፍስ በሚያስወጣ ፍጥነት እምብዛም አይጨምርም፤ የሚጨምረው በመካከለኛው፣ ለረዘም ላለ ጊዜ ሲቆይ ነው።

እንግዲህ ያልመጣበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ወይ ፈጥነዋል፣ ወይ 20 ደቂቃ ሳይሞላ ቆመዋል፣ ወይ ገና ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነዎት። ሲመጣም በከበሮ አይመጣም። ከ25 ደቂቃ በኋላ ትንፋሹ ራሱን ይችላል፣ ሲያብሰለስሉት የነበረው የቢሮ ጉዳይ ከጭንቅላት እንደወጣ የሚያውቁት ከወጣ በኋላ ነው። አንዳንዱ ሰው እየሮጠ ምንም አይሰማውም፣ ገላውን ታጥቦ ሻዩን ሲይዝ ግን ቀኑ ቀለል ብሎት ያገኘዋል። እሱም ያው ነው።

ሐዋሳ ላይ እንደልቤ እሮጣለሁ፤ አዲስ አበባ ስሄድ ለምን እሞታለሁ?

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። አየሩ ይሳሳል፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ዳገቱም አለ። በኪሎ ሜትር እስከ ግማሽ ደቂቃ ዘግይተው ይሩጡ፣ እንደገና አፍዎን ይመኑ። በኅዳር ለታላቁ ሩጫ የሚወጣ የሐዋሳ ሰው ይህን ሳያስብ በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ከሰልፉ ጋር ይነዳና ሦስተኛው ላይ ይቀመጣል። ያ ውድድር ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 10 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከኋላ ያለው አብዛኛው ሰው ደግሞ እየጨፈረ የሚራመድ ነው፤ ማንም አይጠብቅዎትም፣ ማንም አይታዘብዎትም።

ግማሽ ማራቶን ልመዝገብ?

ሐዋሳ ላይም ይካሄዳልና ፈተናው ደጅዎ ድረስ ይመጣል። ርቀቱ 21.0975 ኪሎ ሜትር ነው። ያለማቋረጥ አንድ ሰዓት መሮጥ ከቻሉ 12 ሳምንት ይስጡት፦ በሳምንት አንድ ቀን ረጅም ሩጫ፣ ከ8 ኪሎ ሜትር ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ ኪሎ ሜትር እየጨመሩ፣ በየአራተኛው ሳምንት ቀንሰው፣ 16 ላይ ሲደርሱ በቂ ነው። ቲሸርቱና ጫማው አስቀድሞ የተሮጠበት ይሁን። ብብትና የጭን ውስጥ ቫዝሊን ይቀቡ። አንድ ሰዓት ሳይቆሙ መሮጥ ካልቻሉ ለዘንድሮ ይለፍዎ፤ ደስታ ፍለጋ ወጥቶ በ15ኛው ኪሎ ሜትር ሩጫን መጥላት ኪሳራ ነው።

ስድስት ወር ደስ እያለኝ ሮጥኩ፤ አሁን ግን ጫማውን ማየት አልፈልግም። ምን ሆንኩ?

መጀመሪያ ሰዓቱን ወይም የስልኩን መተግበሪያ ይጠርጥሩ። ቁጥር ማየት የጀመረ ሰው የትናንቱን ለማሻሻል በየቀኑ ትንሽ ይፈጥናል፣ ሳያውቀው ሶምሶማው ሁሉ ለቀላል የፈጠነ፣ ለከባድ የዘገየ ይሆናል። ያ ፍጥነት ያደክማል እንጂ አያጠነክርም። ለሁለት ሳምንት ሰዓቱን መሳቢያ ውስጥ ይተዉት፣ መንገዱን በተቃራኒ አቅጣጫ ይሩጡ፣ አንዱን ቀን ከእርስዎ ከሚዘገይ ሰው ጋር ይውጡ።

ካልተመለሰ ነገሩ ደም ውስጥ ሊሆን ይችላል። ደረጃ ሲወጡ የሚያለከልክ፣ የፊት ቀለም የነጣ፣ በፊት ቀላል የነበረው ፍጥነት የከበደው ሰው የደም ማነስ ምርመራ ያድርግ። ሐዋሳ የወባ አገር ናት፤ ወባ ቀይ የደም ሴልን ስለሚያጠፋ ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላም ድካሙ ይቆያል። በትኩሳት አይሮጥም፤ መድኃኒቱ አልቆ፣ የምግብ ፍላጎት ተመልሶ፣ ከዚያ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቆይቶ፣ በእርምጃ ይጀመራል። እንቅልፍ ከ6 ሰዓት በታች ለሚተኛ ሰው ደግሞ አንዱን የማለዳ ሩጫ ትቶ መተኛት ልምምድ ነው።

አንድ ቀን ካልሮጥኩ ቤተሰቡን እቆጣለሁ። ሱስ ሆነብኝ?

መቅበጥበጥ ብቻ ከሆነ ልማድ ነው፤ ብዙ ሯጭ እንዲህ ነው። ሦስት ነገር ግን ይመልከቱ፦ እያነከሱ ይሮጣሉ? ለቅሶ ወይም ሠርግ ለሩጫ ሲሉ ይቀራሉ? ስላልሮጡ ምግብ ይቀንሳሉ? ለአንዱ እንኳ አዎ ካሉ መሪው ሩጫው ሆኗል። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ የልብ ምትዎን ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ፣ ለሳምንት ይጻፉት። ከተለመደው በ7 እና ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ለቀናት ከቆየ ሰውነት ዕረፍት እየጠየቀ ነው። በየሳምንቱ ሁለት ቀን ጫማው የማይነሳበት ቀን ይኑር፣ በአንደኛው ቀን ከቤተሰቡ ጋር አሞራ ገደል ወርደው የዓሣ ሾርባ ይጠጡ። በእርምጃ።